ዘውድ በሌለበት አገር፤ መርከብ በሆላንዳውያን የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች

መንግሥታት ሁሉ ኃይላቸውን የሚያስታውቁበት ምልክት አላቸው። አንዱ ዘውድና በትረ መንግሥት፥ ሁለተኛው አንበሳ ወይም ንስር፥ ሦስተኛውም የማይደፈር ግንብ ያሳያል። ምልክቱ በገንዘብ ላይ ይቀረጻል፥ በደብዳቤ ላይ ይታተማል፥ በአደባባይ ይሰቀላል፤ ሕዝብም እርሱን ባየ ጊዜ ገዥውን ያስባል። የሆላንድ ሰዎች ግን በ1581 ዓመት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የእስፓኙን ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስን አንገዛልህም ብለው ከካዱት በኋላ፥ ሰባቱ የሰሜን አውራጃዎች በመማክርት ጉባኤ የሚተዳደሩ ሆኑ። የኦራንዥ መሳፍንት የጦር አለቆች ነበሩ እንጂ ዘውድ የጫኑ ነገሥታት አልነበሩም። እንግዲህ ዘውድ የሌለው ሕዝብ ኃይሉን በምን ይገልጸዋል? የዚህ ጥያቄ መልስ በዚያ ዘመን ከመዳብ ሰሌዳ እየታተሙ በወጡት ሥዕሎች ውስጥ ይገኛል፤ መልሱም መርከብ ነው።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። አገሪቱ ዝቅተኛ ናት፤ ከምድሯ ከፊሉ ከባሕር ወለል በታች ሆኖ በግድብና በነፋስ ወፍጮ የሚጠበቅ ነበር። የምትበላውን እህል ከባልቲክ ባሕር አገሮች፥ የምትሠራበትን እንጨት ከኖርዌይ፥ ጨዉንም ከፈረንሣይና ከፖርቱጋል ዳርቻ በመርከብ ታስመጣ ነበር። በ1590ዎቹ ዓመታት በነፋስ ኃይል የሚሠራ የሳንቃ መሰንጠቂያ ተፈለሰፈ፤ በዚያው ጊዜ በሆርን ከተማ ፍሉይት የሚባል ሆደ ሰፊ መርከብ ተሠራ፤ ይህም መርከብ በጥቂት መርከበኞች ስለሚነዳ ጭነቱ በርካሽ ይጓዝ ነበር። በ1602 ዓመት የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በተቋቋመ ጊዜ 6 ሚሊዮን ከ4 መቶ ሺህ የሚበልጥ ጉልደን ተዋጣ፤ ከባለጠጋ ነጋዴዎችም ጋራ የቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ ድርሻ ገቡበት። ስለዚህ መርከብ ለዚያ ሕዝብ እንጀራውም፥ አጥሩም፥ ተስፋውም ነበረ። የአምስተርዳም ከተማ ጥንታዊ ማኅተም ሳይቀር የመርከብ ምስል ነው፤ ከ1648 ዓመት ጀምሮ የታነጸው ታላቁ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤትም በጕልላቱ ጫፍ ላይ የነፋስን አቅጣጫ የሚያመለክት የመርከብ ምስል ተተከለበት።

የመዳብ ቅርጽ ሥዕል የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ነገሩን ይበልጥ ይገልጸዋል። ቀራጺው የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ወስዶ በሹል የብረት መቅረጫ መስመር በመስመር ይፍቀዋል። የሚቀርጸውም ሁሉ የተገላበጠ ነው፤ ሲታተም ቀኙ ግራ፥ ግራው ቀኝ ይሆናልና። ከዚህ በኋላ ቀለም ይቀባውና ላይ ላዩን ይጠርገዋል፤ ቀለሙም በተፈቀፈቀው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። ረጠብ ያለ ወረቀት ደርቦበት በሁለት ከባድ መዳመጫዎች መካከል ሲያሳልፈው፥ ወረቀቱ ቀለሙን ከመስመሩ ውስጥ ስቦ ያወጣዋል። ሌላም መንገድ አለ፤ ሰሌዳውን በሰም ቀብቶ በመርፌ ከሣሉበት በኋላ መዳብ በሚበላ ውሃ ውስጥ ያጠልቁታል፤ ይህኛው ፈጣን ስለ ሆነ ለወሬ ሥዕል የተመቸ ነበር። በዚህ አኳኋን ከአንድ ሰሌዳ ብዙ መቶ ወረቀት ይታተማል። በቀለም የተሣለ ሰሌዳ በአንድ ጌታ ቤት ብቻ ይሰቀላል፤ የታተመው ወረቀት ግን በጠጅ ቤትም፥ በነጋዴ መደብርም፥ በመርከበኛም ጎጆ ይገባል። ደግሞም መርከብና መቅረጫ እጅግ የሚስማሙ ናቸው። የመርከብ ገመድ፥ የሸራ ምሰሶ፥ የሳንቃ መገጣጠሚያ፥ የማዕበል ሞገድ ሁሉ መስመር ነውና፥ የቀራጺው እጅ በዚህ ላይ ጥበቡን ያሳያል።

የዚህ ሥራ መጀመሪያ በሰሜኑ ክፍል ሳይሆን በደቡብ በአንትወርፕ ከተማ ነበር። በዚያ ሂሮኒሙስ ኮክ የሚባል አሳታሚ አራቱ ነፋሳት የሚል ስም ያለው የሥዕል መደብር ነበረው። ከ1561 እስከ 1565 ባሉት ዓመታት ታላቁ ሠዓሊ ሽማግሌው ፒተር ብሩግል የነደፋቸውንና ፍራንስ ሃይስ የቀረጻቸውን የመርከብ ሥዕሎች አሳተመ። በእነዚህ ሥዕሎች መርከብ የታሪክ ማጀቢያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ባለ ታሪክ ሆነ። እንደ መኰንን ተጎልቶ፥ ሸራው በነፋስ ተነፍቶ፥ የመድፉ አፍ እየታየ፥ ሰንደቁ እየተውለበለበ የወረቀቱን ስፋት ይሞላዋል። ተመልካቹ ገመዱን ሊቈጥር፥ የመሰላሉን ርብራብ ሊከተል ይችላል።

ነገር ግን ብሩግል በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ሌላ ነገር ጨመረ። በአንዱ ላይ ከመድፈኛው መርከብ በላይ በሰማይ ዳይዳሎስና ልጁ ኢካሮስ ይታያሉ። በግሪኮች ተረት ኢካሮስ አባቱ በላባና በሰም በሠራለት ክንፍ ሲበር፥ የአባቱን ምክር ንቆ ወደ ፀሐይ ቀረበ፤ ሰሙም ቀልጦ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። በሌላው ላይ የፀሐይን ሠረገላ ልንዳ ብሎ ከሰማይ የወደቀው ፋኤቶን ተሥሏል። ኃይል በታየበት ወረቀት ላይ ውድቀትም አብሮ ታየ። ሠዓሊው ይህን ያደረገው ለጌጥ ይሁን ለምክር፥ ተመልካቹ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሊያይ አይችልም ነበር። በኋላ የተነሡት ቀራጾች የመርከቡን ግርማ ከብሩግል ወረሱ፤ ኢካሮስን ግን ብዙዎቹ ተዉት።

በ1585 ዓመት አንትወርፕ በእስፓኝ ጦር እጅ ወደቀች። ብዙ ነጋዴዎች፥ አታሚዎችና ቀራጾች ሀብታቸውንና ሙያቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ተሰደዱ፤ ከዚህም የተነሣ አምስተርዳም የካርታና የሥዕል ማተሚያ ዋና ከተማ ሆነች። በዚያ ከተነሡት መካከል ክላስ ያንስ ቪስኸር አንዱ ነው። በ1611 ዓመት ያሳተመው የአምስተርዳም ሥዕል ከባሕሩ ወገን ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። በፊቷ የሚታየው የሸራ ምሰሶ እንደ ጥድ ጫካ ነው። በመካከሉ ከተማዋ በሴት ወይዘሮ አምሳል ተቀምጣለች፤ የዓለም ሕዝቦችም ከየአገራቸው ፍሬና ሸቀጥ ይዘው ወደ እርሷ ይመጣሉ። በቀድሞ ዘመን ሥዕል ነገሥታት እጅ መንሻ ሲቀበሉ ይታዩ ነበር፤ በዚህ ሥዕል ግን እጅ መንሻ የምትቀበለው የነጋዴ ከተማ ናት፤ ያንንም ሁሉ ያመጡላት ከፊቷ የቆሙት መርከቦች ናቸው።

ሥዕሎቹ ለወሬም ያገለግሉ ነበር። በ1628 ዓመት አድሚራል ፒት ሄይን በኩባ ደሴት በማታንሳስ ወሽመጥ ብር ጭነው ወደ እስፓኝ ይመለሱ የነበሩትን መርከቦች በያዘ ጊዜ፥ የምርኮው ዋጋ ከ11 ሚሊዮን ጉልደን በላይ ተገመተ። ወሬው አምስተርዳም እንደ ደረሰ አታሚዎች ሥዕሉን አዘጋጅተው መሸጥ ጀመሩ። እንዲህ ባሉት ሥዕሎች ላይ በየመርከቡ አጠገብ ፊደል ይቀረጻል፤ ከታች በተጻፈው ዝርዝርም ይህ ፊደል የእገሌ መርከብ፥ ያኛው ምሽጉ፥ ሌላውም የባሕሩ ጥልቀት ነው እየተባለ ይተረጐማል። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል፤ ከባሕሩ ርቆ የሚኖረውም ሰው ጦርነቱን እንዳየ ሆኖ ይነጋገራል። የብር መርከቦቹ መያዝ ለእስፓኝ ንጉሥ የገንዘብ ጕዳት ነበረ፤ ሥዕሉ በየአገሩ መሸጡ ደግሞ በጕዳቱ ላይ ኀፍረት ጨመረበት።

የእነዚህ ሥዕሎች አሠራር የታወቀ ሥርዓት አለው። ተመልካቹ በውሃው ወለል አጠገብ እንደ ቆመ ሆኖ መርከቡን ከታች ወደ ላይ ያያል፤ በዚህም ምክንያት የመርከቡ ከፍታ እንደ ግንብ ይሆናል። ከፊቱ ሰዎች የተቀመጡባት ትንሽ ጀልባ ትታያለች፤ ታላቁ የሚታወቀው ከታናሹ ጋራ ሲተያይ ነውና። የመርከቡ የኋላ ገጽ በአንበሳና በከተማ አርማ ያጌጠ ስለ ሆነ፥ ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ያንን ወገን ወደ ተመልካቹ ያዞረዋል። ሰንደቁ ይሰፋል፤ የመድፉም ጢስ የጠላትን መርከብ ግማሹን ይሸፍነዋል። እንዲህ ሆኖ መርከቡ ሰው ሳይናገርበት ይናገራል፤ ይህች ትንሽ አገር ባሕር ላይ ትንሽ አይደለችም ይላል።

ይሁን እንጂ የሥዕሉ ኃይል የተመሠረተው በእውነተኛነቱ ላይ ነበር። ገዢዎቹ ብዙዎቹ መርከበኞች፥ የመርከብ ሠሪዎችና የመርከብ ባለ ድርሻዎች ናቸውና፥ ገመዱ ያለ ቦታው ቢታሰር ይስቁበታል። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ወደ ባሕር ወጥተው በዓይናቸው ያዩ ነበር። ከእነርሱ ሁሉ የታወቀው በ1611 ዓመት የተወለደው ሽማግሌው ቪለም ፋን ደ ፌልደ ነው። እርሱ ነጭ በተቀባ ሰሌዳ ላይ በብዕርና በቀለም እየሣለ የመዳብ ቅርጽ የሚመስል ሥዕል ይሠራ ነበር። በ1666 ዓመት ሆላንዳውያንና እንግሊዞች አራት ቀን ሙሉ በባሕር ላይ በተዋጉ ጊዜ፥ በትንሽ መርከብ ሆኖ በሁለቱ ሠራዊት አጠገብ እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን መርከብ መልክና ቦታ ይነድፍ ነበር። መድፍ በሚያጓራበት መካከል ብዕር ይዞ መቀመጥ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት በ1667 በሰኔ ወር የሆላንድ መርከቦች ወደ እንግሊዝ አገር ዘልቀው በሜድዌይ ወንዝ ገቡ። አዛዡ አድሚራል ሚኪኤል ደ ሬይተር ነበር፤ የመማክርቱም እንደራሴ ኮርኔሊስ ደ ዊት አብሮት ነበር። ወንዙን የዘጋውን ሰንሰለት ሰብረው በቻተም አጠገብ የቆሙትን ታላላቅ የጦር መርከቦች አቃጠሉ፤ ሮያል ቻርልስ የተባለችውን ዋናዋን መርከብ ግን ሳያቃጥሉ ማርከው እየጐተቱ ወሰዱ። ይህች መርከብ ማን እንደ ነበረች ልብ ይሏል። በ1655 ዓመት ስትሠራ በንጉሡ ጠላቶች ድል ስም ኔዝቢ ተብላ ነበር፤ በ1660 ዓመት ዳግማዊ ቻርልስን ከስደቱ ከሆላንድ ዳርቻ አሳፍራ ወደ ዙፋኑ ያደረሰችው እርሷ ናት፤ ስሟም ያን ጊዜ በንጉሡ ስም ተለወጠ። እንግዲህ ሆላንዳውያን የማረኩት እንጨትና መድፍ ብቻ አልነበረም፤ የንጉሡን ስምና አርማ ነው። ለሆላንድ ጥልቀት የሌላቸው ወደቦች እጅግ ትልቅ ስለ ሆነች ለጦርነት አልጠቀመቻቸውም፤ ነገር ግን ሕዝቡ መጥቶ እንዲያያት አቆሟት። ገና ወጣት የነበረው ቀራጺ ሮሜይን ደ ሆኸም የሜድዌይን ቃጠሎ በመዳብ አሳተመ፤ እሳቱና ጢሱ የሞላበት ያ ወረቀት ወሬውን በየአገሩ አደረሰው።

በዶርድረኽት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ያን ደ ባን የተባለው ሠዓሊ የሣለው የኮርኔሊስ ደ ዊት ትልቅ ሥዕል ተሰቀለ፤ ከበስተ ኋላው የእንግሊዝ መርከቦች ሲቃጠሉ ይታይ ነበር። የድሉ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ የብር ሜዳሊያም ተመታ። በ1667 ዓመት የብሬዳ ስምምነት ተፈርሞ ሰላም ሆኖ ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን ከግድግዳ አልወረዱም። ንጉሥ ቻርልስ በ1672 ዓመት እንደ ገና በሆላንድ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፥ በዐዋጁ ከዘረዘራቸው በደሎች መካከል አንዱ ሆላንዳውያን ስለ እርሱ ያወጧቸው የስድብ ሥዕሎችና ሜዳሊያዎች ናቸው። በእርግጥ የጦርነቱ ሥር ንግድና ከፈረንሣይ ንጉሥ ጋራ በስውር የተደረገ ውል ነበር። ቢሆንም ለጦርነት ሰበብ የሚፈልግ ንጉሥ ሰበቡን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘው።

ያ ዓመት ለሆላንድ የመቅሠፍት ዓመት ነው። የፈረንሣይ ሠራዊት በየብስ ገብቶ ብዙ አውራጃ ያዘ፤ ሕዝቡም ደንግጦ ቍጣውን በገዥዎቹ ላይ አዞረ። በዶርድረኽት የነበረውን የኮርኔሊስን ሥዕል ሕዝቡ ቀደደው፤ በነሐሴ ወርም ኮርኔሊስንና ዋና አማካሪ የነበረውን ወንድሙን ዮሐንስ ደ ዊትን በሄግ ከተማ በአደባባይ ገደላቸው። የሜድዌይን ድል በመዳብ የቀረጸው ሮሜይን ደ ሆኸ የሁለቱን ወንድማማቾች ግድያም ቀረጸ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያው እጅ፥ በዚያው መዳብ፥ የአንዱን ሰው ክብርም ውርደትም አተመ።

ሌላም ነገር በዚያው ወራት ሆነ። ሽማግሌው ፋን ደ ፌልደ ሥራ ስለ ታጣ ስሙ ያው ቪለም ከሆነው ልጁ ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በ1674 ዓመት ንጉሥ ቻርልስ የባሕር ጦርነት ንድፍ እንዲያዘጋጅ ለአባትየው፥ ንድፉን በቀለም እንዲሠራ ለልጁ፥ ለእያንዳንዳቸው በያመቱ መቶ ፓውንድ ደመወዝ ቈረጠላቸው። የሆላንድን መርከቦች ያገነነው ብዕር ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝን መርከቦች ያገንን ጀመር። የኃይል ምልክት ኃይልን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አገር የለውም።

ይህንንም የሩቅ ነገሥታት ሳይቀሩ ተረድተውት ነበር። የአምስተርዳም ሹም የሆነው ኒኮላስ ዊትሰን በ1671 ዓመት ስለ መርከብ አሠራር በብዙ ቅርጽ ሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። የሩስያ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1697 ዓመት አምስተርዳም መጥቶ በኩባንያው የመርከብ መሥሪያ ቦታ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መጥረቢያ ይዞ ሲማር፥ ረዳቱ ይኸው ዊትሰን ነበር። ንጉሡ መርከብ መሥራትን ብቻ ተምሮ አልተመለሰም፤ አድርያን ስኾነቤክ የተባለውንም ቀራጺ ወደ አገሩ ወሰደው። ስኾነቤክም በቮሮኔዥ የተሠራችውን ፕሬዴስቲናጺያ የተባለች የንጉሡን የጦር መርከብ በመዳብ ቀረጻት። ጴጥሮስ መርከቡ ብቻውን እንደማይበቃና ሥዕሉም እንደሚያስፈልግ ከሆላንዳውያን ተምሮ ነበርና።

ነገር ግን በእነዚህ ሥዕሎች ፊት የቆመ ሰው አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። መርከቡ ሁል ጊዜ በውጭ ይታያል፤ በሆዱ ውስጥስ ምን አለ? በ1621 ዓመት የኩባንያው ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን የገውዝን ንግድ ብቻውን ለመያዝ የባንዳን ደሴቶች በወረረ ጊዜ፥ ከብዙ ሺህ ሕዝብ የተረፈው ጥቂት ነበር። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በኩባንያው መርከቦች ከአውሮጳ ወደ ምሥራቅ ከተሳፈሩት ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጉ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አልተመለሱም። የሆላንድ መርከቦች ከ5 መቶ ሺህ የሚበልጡ አፍሪካውያንን በባርነት ጭነው አትላንቲክን አሻገሩ። በ1738 ዓመት ሎይስደን የተባለችው የባሪያ መርከብ በሱሪናም በማሮዋይን ወንዝ አፍ ስትሰበር፥ መርከበኞቹ የታችኛውን ክፍል ክዳን በምስማር ዘግተው ሸሹ፤ በውስጡም ከ6 መቶ የሚበልጡ ምርኮኞች ሰጠሙ። በዚያ ዘመን የነበሩት ቀራጾች የመርከብን ገመድ አንድ በአንድ ቈጥረው ሲያሳዩ፥ ይህን የሚያህል ጩኸት ከክዳኑ በታች ተሸሽጎ ቀረ።

እውነት ነው፥ ሁሉም ዝም አላሉም። በ1646 ዓመት የታተመው የመርከብ አለቃው ቦንተኩ የጕዞ ታሪክ መርከቡ በእሳት ስትፈነዳ ያሳያል፤ በ1647 ዓመት የታተመው መጽሐፍም ባታቪያ የተባለችው መርከብ በ1629 ዓመት በአውስትራልያ አጠገብ እንዴት እንደ ተሰበረችና ከሞት የተረፉት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተራረዱ በቅርጽ ሥዕል ያወሳል። እነዚህ መጻሕፍት እጅግ ተሸጡ፤ የባሕር ሕዝብ የባሕርን ዋጋ ያውቃልና። ነገር ግን የተሣለው የራሳቸው ወገን መከራ ነበር፤ የሌላው ወገን መከራ ሠዓሊ አልተገኘለትም።

ሮያል ቻርልስ በ1673 ዓመት ለእንጨቷ ተሸጣ ፈረሰች። ከእርሷ የተረፈው በኋላዋ ገጽ ላይ የነበረው አንበሳና ባለ አንድ ቀንድ አውሬ የተቀረጸበት የእንግሊዝ አርማ ነው፤ እርሱም ዛሬ በአምስተርዳም በአገሩ ታላቅ ሙዚየም ይታያል። የተቀሩት ታላላቅ መርከቦች ደግሞ ተቃጥለው፥ ሰጥመው፥ በስብሰው ጠፍተዋል። በጣት የሚቀደደው ቀጭን ወረቀት ግን እነርሱን ሁሉ አልፎ እስከ ዛሬ ደርሷል። ኃይላቸውን ለመጪው ትውልድ ለማሳየት የደከሙት ሰዎች በዚህ አልተሳሳቱም። የዛሬው ተመልካች ግን የሚያየው እነርሱ እንዲያይ የፈለጉትን ብቻ አይደለም፤ የተነፋውን ሸራ ካደነቀ በኋላ ዓይኑ ወደ ተዘጋው የመርከብ ሆድ ይወርዳል፤ እንደ ገናም ብሩግል ከሁሉ አስቀድሞ ኢካሮስን ወደ ሣለበት ወደ ሰማዩ ይመለከታል።